የካምፓስ የኳስ ፍቅር ታሪክ ስጽፍ ተቀረቀርኩ፤ በረኛውና ቸካይዋ የውሸት ፍቅረኛ የሚሆኑት ለምንድነው?

ባለስታቲስቲክሷ (ክሩን የከፈተች) | ማክሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ቤቶች። ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ታሪክ እጽፋለሁ፣ የቻናሉን ስም አልናገርም ዶርሜቶቼ እዚ አሉ። ታሪኩ ሃዋሳ ዋናው ግቢ ነው። ልጁ ስፖርት ሳይንስ 3ኛ አመት፣ የዲፓርትመንቱ በረኛ። ልጅቷ ስታቲስቲክስ፣ ቸካይ፣ ላይብረሪ ውስጥ "የሷ ወንበር" የሚባል ያላት አይነት። እስካሁን 14 ክፍል ለቅቄያለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ (በረዶ ላይ የሚጫወቱት) ፍቅር ታሪክ ሱሰኛ ነኝ፣ የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ፒዲኤፍ አውርጄ ነው የማነበው፣ በረዶ ራሱ ከፍሪጅና ከክረምት ዝናብ ውጪ አይቼ አላውቅም ግን ሁለት ሰው የውሸት ፍቅረኛ ሲሆኑ እንቅልፍ የለኝም በቃ። እና ክፍል 14 ላይ እኔም አስገባሁት። ላውንጅ ቁጭ ብለው ከደብተር ወረቀት ቀደው ውል ይጽፋሉ፣ ለ6 ሳምንት ፍቅረኛ መስለው ይታያሉ፣ እሷ ታስጠናዋለች፣ የምር መውደድ ክልክል ነው።

ኮሜንቱ አረደኝ። "ለምን ግን?" "ምን አስጨነቃቸው?" አንዱማ "እህቴ ይሄ ሃዋሳ ሳይሆን ሚኒሶታ ነው" አለኝ። የተናደድኩት እውነቱን ስለሆነ ነው።

እና ጥያቄዬ፣ እኛ ሀገር ሁለት ካምፓስ ያሉ ልጆች የውሸት ፍቅረኛ እንዲሆኑ የሚያስገድድ የሚታመን ሰበብ ምንድነው?

ነን_ካፌ | ማክሰኞ ማታ 3:14

ሰበቡ ይቅርና ክፍል 15 ልቀቂ

ተቀያሪ_ወንበር | ማክሰኞ ማታ 3:52

እኔም በድብቅ አነባቸዋለሁ፣ ወንድ ነኝ፣ ሙድ እንዳትይዙ።

ልጅት፣ እዛ ሀገር ሰበቡን ደራሲዋ አይደለችም የፈጠረችው፣ ሲስተሙ በነፃ ነው የሰጣት። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ዲቪዥን 1 (ትልቁ ደረጃ) ላይ የሚጫወት ተማሪ 2ኛ አመት ሲገባ ለምርቃት ከሚጠየቀው ዝቅተኛ ጂፒኤ 90 በመቶውን፣ 3ኛ አመት ሲገባ 95፣ 4ኛ ላይ 100 መያዝ አለበት ይላል። በኛ 2.00 አስቢው፣ 1.80፣ 1.90፣ 2.00 ማለት ነው። አልያዘም? አይጫወትም። ብዙዎቹ ደሞ የትምህርት ክፍያቸው ራሱ ከኳሱ ወይ ከሆኪው ጋር የታሰረ ነው። ስለዚ ቸካይዋ ልጅ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ የልጁን ህይወት ይዛ ነው የምትመጣው። እሱ የሷን ውጤት ይፈልጋል፣ እሷ የሱን ስም ትፈልጋለች፣ አለቀ፣ ውሉ ራሱን ጻፈ።

"ስሜ ስለጠፋ ስፖንሰር እንዳይሸሸኝ ጨዋ ልጅ አጠገቤ ትታይልኝ" የሚለው ሰበብም በአሁን ጊዜ ታሪክ ላይ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ከ2021 ሐምሌ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ ሰርተው ብር ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከዛ በፊት በሚካሄድ ታሪክ ላይ ስፖንሰር ካየሽ ግን ቀልድ ነው። ሃርቫርድ ላይ "የሆኪ ስኮላርሺፔን ላጣ ነው" ብሎ የሚያለቅስ ጀግና ካየሽም ሳቂበት፣ አይቪ ሊጎች (እነ ሃርቫርድ ያሉበት የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ) በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

አሁን ወደ ሃዋሳ ነይ። ያንቺ በረኛ ከቡድኑ ቢባረር ምን ያጣል? አንድ ቱታና አንድ ማሊያ። ግቢ የመደበው ሚኒስቴሩ ነው እንጂ አሰልጣኙ አይደለም። ቀዳዳሽ እዚ ጋ ነው።

ባለስታቲስቲክሷ | ማክሰኞ ማታ 4:05

ቱታውም በልኩ አይደለም እኮ ክፍል 3 ላይ ጽፌዋለሁ

ተቀያሪ_ወንበር | ማክሰኞ ማታ 4:20

ሃሃሃ። እግረ መንገዴን ስለ ሆኪው አንድ ነገር ልተንፍስ፣ ሁሌ የሚያናድደኝ ነው። "ከበረዶው ላይ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት" ይላሉ። ኮሌጅ ሆኪ ላይ ሁሉም ፊቱን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መከላከያ ነው የሚጫወተው፣ ብዙው የሽቦ ነው፣ በየት በኩል ነው ፈገግታው የታያት። ደሞ ለሷ ብሎ የሚደባደበው። ፕሮፌሽናሉ ሊግ ላይ ለድብድብ 5 ደቂቃ ተቀጥቶ ይመለሳል፣ ኮሌጅ ላይ ግን ከጨዋታው ይባረራል፣ ቀጣዩም ያልፈዋል። ኮሌጆቹ ደሞ በብዛት የሚጫወቱት አርብና ቅዳሜ ነው። እና አርብ ለፍቅሩ የተደባደበ ጀግና ቅዳሜ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፖፕኮርን ነው የሚበላው።

ባለስታቲስቲክሷ | ማክሰኞ ማታ 4:26

ወይኔ። ክፍል 9 ላይ የኔ በረኛ ተደባድቧል። ቀይ ካርድ አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው ገጽ ሪጎሬ አድኗል።

የአክስቴ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 5:01

ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ነገሩን በግልባጩ ነው የያዛችሁት። እኛ ጋ ሰው የሌለውን ፍቅር አለ ብሎ አያስመስልም፣ ያለውን ነው የለም ብሎ የሚያስመስለው!

ስሜን እዩት። ከልጁ ጋር 2 አመት ሙሉ የኖርነው በአክስት ልጅነት ነው። ፍቅር ሐይቅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለን የሆነ የሰፈር ሰው ሲመጣ እጄን ይለቅና ድምፁን ከፍ አድርጎ "እና እትዬ ወገባቸውን ተሻላቸው?" ይለኛል። እኔም "ኧረ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል" እላለሁ። ሰውየው እስኪርቅ የሌለች አክስት ስናስታምም እንቆያለን። በኋላ አክስትየዋ ስም ወጣላት፣ ስኳር ያዛት፣ አንድ ጊዜ ልጁ ተናዶብኝ ገደላትና ለሶስት ቀን አኮረፍኩት።

እና ያንቺ ልጆች ሃዋሳ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው "እዩን" ብለው የሚዞሩት ምን ሆነው ነው? ሃዋሳ እኮ ባጃጅ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው የአባትሽ እቁብተኛ የሚሆንባት ከተማ ናት። አሜሪካ መታየት ጥቅም ነው፣ እዚ መታየት ዕዳ ነው።

ነን_ካፌ | ማክሰኞ ማታ 5:03

አክስትየዋን ነፍስ ይማር

በረኛ_ነበርኩ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

የአክስቴ ልጅ ጨርሳዋለች። ስለዚ ጥያቄው ተቀየረ፣ ከመታየት የሚብስ ምን ነገር መጣባት? እሱን ካገኘሽ ሰበቡን አገኘሽ።

እኔ ግን ስለ "ተቃራኒ" የሚባለው ነገር ልናገር። ሁሉም እሱን ዘጊ እሷን ሳቂታ፣ ወይ እሱን ጨዋታ አዋቂ እሷን ዝምተኛ አድርገው ያልፉታል። ይሄ ተቃራኒነት አይደለም ጸባይ ነው፣ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። የምር ተቃራኒ የሚያደርገው ሰዓት ነው። ግቢ እያለሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ነበር የምሮጠው፣ ሜዳው በጤዛ ጭቃ ብሎ፣ ጓንቴ ከትናንቱ ላብ ሳይደርቅ፣ እጄን ስከተው እርጥብና ቀዝቃዛ፣ ሽታውን አልነግራችሁም። ልክ በዛን ሰዓት ደሞ ሲቸክሉ ያደሩ ልጆች ከላይብረሪ እየወጡ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ ዶርም ይሄዳሉ። ለነሱ ማታ ነው ለኔ ጠዋት ነው። "ደህና እደሩ" እላቸዋለሁ "እንደምን አደርክ" ይሉኛል። እዛ ጋ አገናኚያቸው በናትሽ።

ደሞ በረኛ ካደረግሽው በረኛነቱን ተጠቀሚበት። ሪጎሬ 11 ሜትር ነው፣ ጎሉ 7.32 በ2.44። መቺው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢመታ ኳሷ በ0.4 ሰከንድ ትደርሳለች፣ አስልታ ትንገረው ስታቲስቲክስ አይደለች። አይተህ አትዘልም፣ ቀድመህ ገምተህ ነው። መቺው ደሞ በዳሌው ወደ ቀኝ አስመስሎ ወደ ግራ ይልካታል። የበረኛ ስራው ማስመሰልን መለየት ነው። እንዲህ አይነቱን ልጅ ነው የውሸት ፍቅር ውስጥ የከተትሽው፣ ሌላ ሰው ቢታለል እሱ መታለል የለበትም፣ ታዲያ የሷን እንዴት አጣት? እኔ ብሆን እዚ ላይ ሶስት ክፍል እጽፍ ነበር።

ባለስታቲስቲክሷ | ረቡዕ ጠዋት 2:15

ክላስ ውስጥ ሆኜ እያነበብኩ ነው፣ "ደህና እደሩ፣ እንደምን አደርክ" የምትለዋን ሰረቅኳት እሺ? ስምህን ምስጋና ላይ እጽፋለሁ።

በረኛ_ነበርኩ | ረቡዕ ጠዋት 2:17

ስሜን ተዪው፣ ልጁ ብቻ ጎል እንዳይገባበት

የናዝሬት_አቧራ | ረቡዕ ጠዋት 4:40

አዳማ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ችግር የለም፣ እኛ ጋ ንፋሱ ራሱ ማን ከማን ጋ እንደሆነ አያሳይም

የሰፈር_እናት | ረቡዕ ከሰዓት 9:20

ልጆች፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጄ ስልኬ ላይ ከፍታልኝ ነው የምከታተለው። ሃዋሳ ከተማ በ1996ም በ1999ም ዋንጫ ሲበላ እዚሁ ነበርኩ፣ የኳሱም ነገር አይጠፋኝም።

ልጄ፣ ሰበብ የምትፈልጊ ከሆነ ከቤተሰብ ፈልጊ እንጂ ከኳስ አትፈልጊ። አንዲት የ3ኛ አመት ልጅ የሚያስጨንቃት ሰው ሊጠይቃት ሲያስብ ነው። ሀብታም ነው፣ መኪና አለው፣ እናቷ ወዳዋለች፣ እሷ ግን መማር ትፈልጋለች። "አልፈልግም" ብትል ጥጋብ ነው ይባላል። "ሌላ ሰው አለኝ" ብትል ግን ነገሩ ይቆማል። ውሸቷን የምትጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ግን ደግሞ እወቂበት፣ እኛ ቤት "ሰው አለኝ" ካልሽ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ "የማን ልጅ ነው?" ነው። ከዚያ "ይምጣና እንየው" ነው። ከዚያ "ለምን ሽማግሌ አይልክም?" ነው። ሽማግሌ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሦስት ትልልቅ ሰው በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው በር ላይ ቆመው፣ ያንን በውሸት ልታደርጊው? ወረቀት ይቀደዳል፣ የሽማግሌ እግር ግን ነውር ነው። የእናንተ ፈረንጆች ውል ለምን ቀላል እንደሆነ አሁን ገባኝ፣ ምስክር የለውም።

የአክስቴ_ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት 9:31

እትዬ እጅዎን ይስጡኝ ልሳመው። የውሸት ፍቅረኛ፣ ከዛ የውሸት ሽማግሌ!! ውሸቱ በየክፍሉ እየከበደ ይሄዳል። እኛም አክስታችን ስኳር ስትይዝ እንደዛ ነበር።

ተቀያሪ_ወንበር | ረቡዕ ከሰዓት 9:50

እትዬ እርስዎ ራስዎ ይጻፉልን

አምባዛ_አልበላም | ረቡዕ ማታ 2:45

እኔ የምር አድርጌዋለሁ። አትሳቁ።

2ኛ አመት ነበርኩ፣ ከሻሸመኔ የሆነ ልጅ በየቅዳሜው እየመጣ ግቢ በር ላይ ይቆማል፣ ክፉ አይደለም ግን አይሰማም፣ "አልፈልግህም" ስለው "ጊዜ ልስጥሽ" ይለኛል። ከሴክሽናችን አንድ ቮሊቦል ተጫዋች ነበር፣ ረጅም፣ ዝም ያለ፣ እኔ ደሞ አፌ አያርፍም ታውቃላችሁ። ሁለት ቅዳሜ ብቻ አብረኸኝ ውጣ አልኩት። "ምን አገኛለሁ?" አለኝ፣ "ምሳ" አልኩት። ውሉ ይሄው ነው፣ ወረቀት የለ ምን የለ።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሳ ገበያ ሄድን። ልጁ ተከትሎን መጥቶ ማዶ ቆሟል፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትልልቆቹ ወፎች፣ የዓሳ ጭንቅላት እየጠበቁ እንደሚቆሙት። ጥብስ ቆሮሶ አዘዝን። እኔ በጭንቀት ዓሳውን እንዳለ ልጎርስ ስል ቮሊቦሉ እጄን ያዘኝ። ዝም ብሎ ሳህኑን ወደራሱ ሳበና እሾሁን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፣ በዛ በትልቅ ጣቱ፣ እየለቀመ ጠርዙ ላይ እንደ ክብሪት ይደረድረዋል። ንጹሁን ስጋ ወደኔ ገፋው። ማንንም እያየ አልነበረም እኮ፣ ማዶ ያለውንም ረስቶታል። እኔ አፌ ተዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

የሻሸመኔው ልጅ ከዛ ወዲህ አልመጣም። እኔ ደሞ በቃ አለቀልኝ፣ ሶስተኛ ቅዳሜ እንዲኖር ስጸልይ ነበር። ሶስተኛው ቅዳሜ ደረሰ፣ ቮሊቦሉ ዶርም በር ድረስ መጣ፣ ልቤ ሊወጣ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። የዶርሜቴን ስልክ ነው የጠየቀኝ።

አሁን ተጋብተዋል። ሚዜ ነበርኩ።

ነን_ካፌ | ረቡዕ ማታ 2:47

አቦ

የአክስቴ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 2:49

እንዴ?? ለሷም ዓሳ ይለቅምላታል?

አምባዛ_አልበላም | ረቡዕ ማታ 2:52

ዓሳ አትወድም!!! ይሄ ነው የሚያሳርረኝ

በረኛ_ነበርኩ | ረቡዕ ማታ 3:15

አያችሁ፣ ሆኪዎቹ ይሄን ቦታ በመሳም ነው የሚሞሉት። "ሰው እያየን ነው፣ ሳሚኝ" ይላታል፣ ይሳሳማሉ፣ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ሁሉም ታሪክ ላይ አለች ይቺ። እኛ ጋ አደባባይ ላይ መሳም ብታስገቢ ሰው ሁሉ ከታሪኩ ይወጣል። ግን ምትኩ አለን እኮ።

የሰፈር_እናት | ረቡዕ ማታ 3:22

ጉርሻ ነዋ። ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም።

ባለስታቲስቲክሷ | ረቡዕ ማታ 3:24

እትዬ!!!!!! ሁላችሁም ጠብቁኝ አትተኙ

ተቀያሪ_ወንበር | ረቡዕ ማታ 3:40

እስክትመጣ አንድ ነገር። መጨረሻ አካባቢ ያለችው መጣላት፣ ከትልቁ ጨዋታ በፊት ውሉ ተገኝቶ "ለካ ሁሉም ውሸት ነበር" የምትባለዋ፣ እሷን ባትጠቀሚ ደስ ይለኛል። ጉድጓዱ ከሩቅ ይታያል። ሁለቱ ውሸት መሆኑን እያወቁ ነው የገቡት፣ ማን ማንን አታለለ ተብሎ ነው ልቅሶው?

የአክስቴ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 3:44

እትዬ እንዳሉት የሚታለሉት ቤተሰቦቿ ናቸዋ። ልጅቷ ልጁን ማጣቱ አይደለም የሚያስፈራት፣ እናቷ ልጁን መውደዳቸው ነው። እናት ከወደዱት በኋላ እንዴት ብለሽ "ውሸት ነበር" ትያለሽ።

ባለስታቲስቲክሷ | ረቡዕ ማታ 5:38

ጻፍኩት። ክፍል 14ን አጥፍቼ በዚ ልተካው ነው። ውሉ ወጣ፣ ላውንጁም ወጣ። ፒያሳ አካባቢ ያለች አክስቷ ቤት ነው፣ አክስትየዋ "እስቲ ይምጣና ልየው" ብላ ጠርታዋለች። መካከሉን ብቻ ልለጥፍላችሁ።

"ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። አክስቴ ከቤተክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ዶሮ ወጡን መሶቡ መሀል ገለበጠችና ቁጭ ብላ እጁን ማየት ጀመረች። ሁለት ጣቱ በነጭ ፕላስተር አንድ ላይ ታስሯል። 'እጅህ ምን ሆነ?' አለችው። 'ኳስ ነው፣ እትዬ።' 'እና በምንህ ልታጎርሳት ነው?' አለችና ሳቀች። ሳቋ ፈተና ነበር። እሱ ወደኔ ዞረ፣ በታሰሩት ጣቶቹ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፣ ወጡ አገጬ ላይ ወረደ። 'አንድ ያጣላል' አለች አክስቴ። ሁለተኛውን አጎረሰኝ። ልማዱ እዚህ ላይ ያበቃል። አክስቴ እንጀራ ልትጨምር ወደ ጓዳ ገባች፣ ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን፣ የሚያየን ሰው አልነበረም። ሶስተኛውን ጠቀለለ።"

አምባዛ_አልበላም | ረቡዕ ማታ 5:41

ሶስተኛውን ጠቀለለ። ሶስተኛውን ጠቀለለ!!! እኔ ልተኛ አልችልም ዛሬ

በረኛ_ነበርኩ | ረቡዕ ማታ 5:44

ጣቶቹን አጣምሮ ማሰሩ ልክ ነው፣ ወለም ያለው ጣት ከጎኑ ካለው ጋር ነው የሚታሰረው። ጎበዝ።

የአክስቴ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 5:46

ይሄ ሃዋሳ ነው። ሚኒሶታው ሰውዬ የት ሄደ አሁን ይምጣ

ተቀያሪ_ወንበር | ረቡዕ ማታ 5:50

የኔን የሆኪ ሽቦ ያህል ባይሆንም አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ ቆይ እትዬ ይናገሩ

የሰፈር_እናት | ሐሙስ ጠዋት 12:40

ልጄ በጣም ቆንጆ ነው፣ አንብቤ ለልጄም አነበብኩላት። ግን ከቤተክርስቲያን የተመለሰች ሴትዮ ረቡዕ ቀን ዶሮ ወጥ ትገለብጣለች?

ነን_ካፌ | ሐሙስ ጠዋት 12:43

ሃሃሃሃ ጾሙን ገደለችው

የናዝሬት_አቧራ | ሐሙስ ጠዋት 12:50

ፕሮቴስታንት ናት በይና ተገላገይ፣ ነጠላዋን ብቻ አውልቂላት

ባለስታቲስቲክሷ | ሐሙስ ጠዋት 1:05

ወይ አምላኬ። ነጠላዋን እወዳታለሁ፣ አላወልቅም። እሁድ አደረግኩት። ክፍል 15 ቅዳሜ ማታ፣ ሚድ አለብኝ።